የዱር አህያን ከቤት አህያ መልሶ ማግኘት ይቻላልን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙዎች ሲቀባበሉት የሰነበተ፣ የቤት እንስሳትን አመጣጥና ወደ ዱር የመመለሳቸውን ነገር የሚተነትን ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብሁ። አጻጻፉ ይስባል፤ በአማርኛ የተጻፈ የዘረመል ሳይንስ ጽሑፍ ይህን ያህል አንባቢ ማግኘቱም ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ከተነሡት ዐበይት ነጥቦች አብዛኞቹ እስካሁን ከተደረሰበት እውቀት ጋር ይጣረሳሉ፤ የመጨረሻው ምክር ደግሞ በአገራችን የሚገኝን አንድ ብርቅ እንስሳ ለጥፋት የሚዳርግ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ በአጭሩ ላስቀምጥ። እንስሳን ማላመድ ከማሠልጠን የተለየ ነገር እንዳልሆነና ማንኛውም የዱር እንስሳ ለጥቂት ትውልድ በሰው እጅ ካደገ የቤት እንስሳ እንደሚሆን ይናገራሉ፤ ለዚህም ከጫካ ተይዘው በ10 ዓመት ውስጥ እንደ ውሻ ገራም ሆኑ የሚሏቸውን የሩሲያ ቀበሮዎች በማስረጃነት ያቀርባሉ። ለውጡን ሁሉ የሚያመጣው አንድ “የገራምነት ዘረመል” ነው ይላሉ። የቤት እንስሳ በተፈጥሮው የተዳከመ በመሆኑ ከሰው ጥበቃ ውጭ እንደማይኖር፣ ከሞት የተረፈው ግን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ወደ ጥንተ ተፈጥሮው እንደሚመለስ ያክላሉ። ከዚህ ተነሥተውም፣ በአፋር በረሃ የቀረው የዱር አህያ ቢጠፋ እንኳ የቤት አህዮችን ወደ ዳናክል ለቆ በጥቂት ዓመታት መልሶ ማግኘት ስለሚቻል ለጥበቃው የሚወጣው ገንዘብ ብክነት ነው ብለው ይደመድማሉ።

ከቀበሮዎቹ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የመረጡት ማስረጃ የሚያረጋግጠው ከእሳቸው ሐሳብ ተቃራኒ የሆነውን ነው። ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1959 በኖቮሲቢርስክ የጀመረው የሶቪየቱ የዘረመል ተመራማሪ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ እሱ በ1985 ካረፈ በኋላም ሥራውን ያስቀጠለችው የሥራ ባልደረባው ሉድሚላ ትሩት ናት። ተመራማሪዎቹ ቀበሮዎቹን አላሠለጠኑም፤ እንዲያውም ሥልጠና ውጤቱን እንዳያበላሸው በመስጋት ቡችሎቹ ከሰው ጋር የሚገናኙበትን ጊዜ በጥብቅ ወስነው ነበር። የሚያደርጉት፣ የሰው እጅ ሲቀርባቸው የሚያሳዩትን ጠባይ መዝግበው፣ ከወንዶቹ በአብዛኛው ከ5 በመቶ ያልበለጡትን፣ ከሴቶቹ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ብቻ ለቀጣዩ ትውልድ ወላጅነት መምረጥ ነበር። ከእነዚህ ጎን ለጎን ደግሞ በተቃራኒው ኃይለኞቹ ብቻ እየተመረጡ የተራቡበት ሌላ የዘር ሐረግ ነበረ። ፅንስን ከኃይለኛ እናት አውጥተው በገራም እናት ማሕፀን ውስጥ ሲያስቀምጡ የሚወለደው ቡችላ በአመዛኙ የወላጆቹን ኃይለኝነት ይዞ ተገኘ። ገራምነቱ ከአስተዳደግ የመጣ ቢሆን ኖሮ በገራም እናት የተወለደውና የጠባው ቡችላ ገራም መሆን በተገባው ነበር።

“ከጫካ የተያዙ” የሚለውም ትክክል አይደለም። የሙከራው መነሻ የሆኑት ብርማ ቀበሮዎች የመጡት ለቆዳቸው ሲባል ከሚረቡባቸው እርሻዎች ሲሆን፣ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በካናዳ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ከተጀመረው የቀበሮ እርባታ ነው። ቤልያዬቭ ሥራውን ሲጀምር ቀበሮዎቹ በአጥር ውስጥ መኖርንና መራባትን የቻሉ የብዙ ትውልድ ልጆች ነበሩ። በ2019 የወጣ አንድ የትችት ጥናት ይህን ታሪክ ካስታወሰ በኋላ፣ ከሙከራው ጋር ተያይዘው የሚነገሩት የመልክ ለውጦች ከፊሎቹ፣ ለምሳሌ ነጭ ጥለት፣ ከሙከራው በፊትም በእርሻዎቹ ውስጥ እንደነበሩ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ ጠባይ በጠንካራ መረጣ ምን ያህል በፍጥነት ሊለወጥ እንደሚችል ሙከራው ያሳየው ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልለያይም።

በሰው እጅ መኖር ብቻውን እንስሳን እንደማያላምድ ለማየት ሩሲያ ድረስ መሄድ ባላስፈለገም ነበር። የጅማ፣ የኢሉባቦርና የወለጋ ጥርኝ አርቢዎች ለዘመናት ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ አኑረው ዝባዱን እየጠረጉ ለሽቶ ገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ከሰው ጋር እንዲህ ተቀራርቦ፣ ከሰው እጅ እየበላ፣ የሰው መተዳደሪያ ሆኖ የኖረ የዱር እንስሳ ብዙ አይደለም። ሆኖም ጥርኝ ዛሬም የዱር እንስሳ ነው። ምክንያቱም በባህላዊው አያያዝ በቀፎው ውስጥ አይራባም፤ አርቢው የሞተውን የሚተካው ሌላ ወንድ ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ ይዞ ነው። ትውልድ ከሌለ መረጣ የለም፤ መረጣ ከሌለም የዘረመል ለውጥ የለም። ለሺህ ዓመታት እንጨት ሲጎትቱና በጦር ሜዳ ሲሰለፉ የኖሩት የእስያ ዝሆኖችም አብዛኞቹ ከጫካ እየተያዙ የተገሩ ስለነበሩ ሁኔታቸው ከዚህ ብዙ አይለይም። የሐረር ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ መቀበላቸውም የግለሰብ እንስሳ ልማድ እንጂ የዘር ለውጥ አይደለም።

ወደ “አንዱ ዘረመል” ስንመጣ ጉዳዩ አጭር ነው። በ2018 የታተመው የቀበሮዎቹ የጂኖም (የመላው ዘረመላቸው ስብስብ) ጥናት፣ ገራሞቹን፣ ኃይለኞቹንና ከመረጣ ውጭ የተራቡትን አነጻጽሮ ልዩነት ያገኘው በአንድ ቦታ ሳይሆን በ103 የጂኖም ክፍሎች ላይ ነው፤ ይህም በአንዲት ጠባይ ብቻ በተመረጠ እንስሳ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በፈረስ ጂኖም ላይ ከመላመድ ጋር ተያይዘው ጎልተው የተገኙት ጂኤስዲኤምሲ እና ዜድኤፍፒኤም1 የተባሉት ዘረመሎች ሲሆኑ፣ በውሻ ላይ ጎልቶ የወጣው ደግሞ ስታርች ለመፍጨት የሚረዳው ኤኤምዋይ2ቢ ነው። የዶሮው ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። በ2010 የወጣ ጥናት፣ ቲኤስኤችአር የተባለው ዘረመል አንድ ዓይነት ቅጂ በቤት ዶሮዎች ሁሉ ማለት ይቻላል መገኘቱን ስላሳየ፣ ብዙዎች የዶሮ መላመድ ቁልፍ ተገኘ ብለው ነበር። ነገር ግን ከጥንታዊ የዶሮ አጥንቶች የተገኘ ዲኤንኤ ሲመረመር፣ ያ ቅጂ በአውሮፓ የተስፋፋው ከ1,000 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ማለትም ዶሮ ከተላመደች ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ መሆኑ ታወቀ። በዚህ ረገድ ወደ ጸሐፊው አባባል የሚጠጋ አንድ ሐሳብ አለ፤ በ2014 ሦስት ተመራማሪዎች፣ የጆሮ መውደቅ፣ ነጭ ጥለትና ፍርሃት መቀነስ በብዙ የቤት እንስሳት ላይ አብረው የሚታዩት በፅንስነት ወቅት በሚፈጠሩ አንድ ዓይነት ሕዋሳት ምክንያት ሊሆን ይችላል የሚል መላ ምት አቅርበዋል። መላ ምቱ ቁም ነገር ያለውና ዛሬም የሚያከራክር ነው፤ ይሁንና እሱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ብዙ ዘረመሎች ጥቃቅን ለውጥ እንጂ ስለ አንድ ቁልፍ አይደለም።

የቤት እንስሳ ደካማ ነው፣ ከአጥር ከወጣ ይሞታል የሚለው ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። የሐር ትሏ ቢራቢሮ መብረር አትችልም። በ2015 በአውስትራሊያ ከመንጋው ተለይቶ ለዓመታት የተቅበዘበዘ አንድ ሜሪኖ በግ ሲገኝ ከላዩ ላይ የተሸለተው ሱፍ ከ40 ኪሎ በላይ ስለነበር ለመራመድ እንኳ ተቸግሮ ነበር። ለሥጋ ብቻ የተመረጠችው የዘመናችን ዶሮም ጫካ ውስጥ ብዙ አትቆይም። ከእነዚህ ተነሥቶ በቤት እንስሳት ሁሉ ላይ መፍረድ ግን አይቻልም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለጭነት ወደ አውስትራሊያ የተወሰዱት ግመሎች የጭነት መኪና ሲመጣ ወደ በረሃው ተለቀቁ፤ የተለቀቁት ግመሎች በዚያ ተዋልደው መንግሥት በ2009 ቁጥራቸውን የመቀነስ ዘመቻ እስከሚጀምር ድረስ በዙ። የካዋይ ደሴት ዶሮዎች፣ የአሜሪካ በረሃ አህዮች፣ በየደሴቱ የተበተኑት ፍየሎችና ድመቶች ሁሉ ምስክር ናቸው። ደካማነትና ብርቱነት የሚለካው እንስሳው በሚኖርበት ቦታ ነው፤ ለአንዱ ቦታ ብርቱ የሆነው ለሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል።

የልዩነታችን ዋና ቦታ ግን “ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ይመለሳል” የሚለው ነው። ጸሐፊው ያቀረቧቸውን ምሳሌዎች በጥንቃቄ ስንመረምር ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተው እናገኛቸዋለን።

ወደ ዱር የገባ የቤት አሳማ ክራንቻ ያወጣል፣ ጸጉሩ ይበዛል ይላሉ። በእርባታ ቦታ የአሳማ ግልገሎች ጥርስ በሕፃንነታቸው ይከረከማል፣ ወንዶቹም በብዛት ይኮላሻሉ፤ ሳይኮላሽና ሳይከረከም የቀረ ወንድ አሳማ እዚያው በረት ውስጥም ቢሆን ክራንቻው ማደጉን አያቆምም። ጸጉርም ቢሆን እንደ ብርዱና እንደ ምግቡ ይበዛል፣ ይሳሳል። በአንድ እንስሳ ዕድሜ የሚታይ ለውጥ የዘረመል ለውጥ ሊሆን አይችልም፤ ዘረመል በሕዝብ ደረጃ የሚለወጠው በትውልድ ነውና። በአሜሪካ ጫካዎች የሚታዩት አሳሞች በመልክም በጠባይም የዱር አሳማ መምሰላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ1890ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም በ1912 በሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ ለአደን ተብለው ከአውሮፓ የመጡ እውነተኛ የዱር አሳሞች አምልጠው ከእነሱ ጋር ተዳቅለዋል። የዱርነቱ ገጽታ በአመዛኙ ከውጭ የመጣ ዘር ውጤት ነው ማለት ነው። ባልተዳቀሉት ላይ ምን ታየ? የቤት አሳማ አንጎል ከዱሩ አሳማ አንጎል በሲሶ ገደማ ያንሳል፤ በጋላፓጎስ ደሴቶች ከሰው ርቀው ብዙ ትውልድ የኖሩ አሳሞች ሲመረመሩ የአንጎላቸው መጠን የቤት አሳማ መጠን ሆኖ ቀርቷል።

በሌላ በኩል ደግሞ ጸሐፊው ቢያውቁት ሊጠቅሱት ይችሉ የነበረ ማስረጃ አለ፤ ሚንክ የተባለው፣ ለቆዳው የሚረባ የአሜሪካ ትንሽ አውሬ። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በፖላንድ ከእርሻ አምልጠው ዱር የገቡት ሚንኮች በጥቂት አሥርት ትውልዶች ውስጥ በምርኮ ያነሰውን የአንጎል መጠን በአብዛኛው መልሰው አግኝተዋል። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፤ ሚንክ በአጥር ውስጥ የቆየው ከመቶ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ስለሆነ የቀድሞው የዘረመል ልዩ ልዩነት ገና ሳይጠፋ በእርሻው ሚንክ ውስጥ ነበረ፤ የተፈጥሮ መረጣም የሚሠራበት ነገር አገኘ። አሳማ ግን የተላመደው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዘሩ ከጎተራው ያለቀበት ገበሬ ዝናቡ ስለዘነበለት ብቻ እህሉን አያገኝም። የተፈጥሮ መረጣ ያለውን ይመርጣል እንጂ የነበረውን አያስታውስም።

ጸሐፊው የጠቀሷቸው የዲንጎ (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ) እና የሙፍሎን ጉዳይም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። በኮርሲካና በሳርዲኒያ ደሴቶች የሚኖረው ሙፍሎን ቡናማ ጸጉር ያለው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ በገደል የሚዘል፣ ማንም ቢያየው የዱር በግ የሚለው እንስሳ ነው፤ ለረጅም ጊዜም የበግ ቅድመ አያት ነው ይባል ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው የጥንት ገበሬዎች በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ካመጧቸው በጎች የወረደ ነው። ይህ ግን “ተመለሰ” ለማለት አያበቃም፤ እነዚያ በጎች ከሰው እጅ የወጡት ለሱፍ የሚደረገው መረጣ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ያልሄዱበትን መንገድ ሊመለሱበት አይችሉም። ዲንጎም እንዲሁ። ወደ አውስትራሊያ ከገባ ቢያንስ ከ3,000 ዓመት በላይ የሆነው ዲንጎ ስታርች የሚፈጨው ዘረመል እንደ ተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ በእርሻ ባህል ያደጉት ውሾች ብዙዎቹ ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ቅጂ አላቸው። ዲንጎ ቅጂዎቹን የጣለ ሳይሆን ቅጂዎቹ ከመብዛታቸው በፊት የተለየ የውሻ ዘር ነው። ከሺህ ዓመታት የዱር ኑሮ በኋላም ተኩላ አልሆነም።

በቀጥታ የተፈተነው ምሳሌ ደግሞ የካዋይ ዶሮዎች ናቸው። በዚህ የሃዋይ ደሴት ፖሊኔዥያውያን ያመጧቸው የቀይ ጫካ ዶሮ ዘሮች ነበሩ፤ በ1982 እና በ1992 የመቱት አውሎ ነፋሶች የብዙ ሰዎችን የዶሮ ቤት ሲያፈርሱ የቤት ዶሮዎችም ወጥተው ተቀላቀሏቸው። ተመራማሪዎች ጂኖማቸውን መርምረው በ2016 ባሳተሙት ውጤት፣ የዱር ኑሮ የመረጣቸው የጂኖም ቦታዎች በአብዛኛው መላመድ ከለወጣቸው ቦታዎች የተለዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። ጸሐፊው እንዳሉት ነገሩ መመለስ ቢሆን ኖሮ ለውጡ የሚታየው በእነዚያው ቦታዎች ላይ በሆነ ነበር። ዶሮዎቹ የሄዱት አዲስ መንገድ ነው።

የዱር ፈረስ የሚባለውን የሞንጎሊያውን የፕርዤቫልስኪ ፈረስም ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ በ2018 የወጣ ጥናት ይህ ፈረስ ከ5,500 ዓመት ገደማ በፊት በካዛኪስታን ቦታይ ሰዎች ይዘዋቸው ከነበሩ ፈረሶች የወረደ መሆኑን ገልጿል፤ ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች የቦታይ ፈረሶች መቼም ተላምደው እንደማያውቁና የታደኑ የዱር ፈረሶች እንደነበሩ መከራከራቸውን ነው። ማንኛቸውም ቢረቱ የዛሬው የቤት ፈረስ የመጣው ከሌላ ሐረግ፣ ከቮልጋና ከዶን ወንዞች አካባቢ ሲሆን፣ የክሮሞዞሙም ቁጥር 64 እንጂ እንደ ፕርዤቫልስኪው 66 አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩት ጥቂት ፈረሶችም በአገራችን ከተለዩት 8 የፈረስ ዓይነቶች እንደ አንዱ የሚቆጠሩ የቤት ፈረስ ዘሮች ናቸው፤ መጠበቅ የሚገባቸውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ አህያው እንምጣ። የቤት አህያ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ መላመዱን በ2022 የታተመው ሰፊ የጂኖም ጥናት ያመለክታል፤ ኢትዮጵያም ዛሬ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት። ስለዚህ ጸሐፊው “ዘሩ በእጃችን ነው” ማለታቸው ከሩቅ ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። ነገር ግን የአፍሪካ የዱር አህያ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የኑቢያውና የሶማሌው። ከሙዚየም ናሙናዎችና ከጥንት አጥንቶች የተወሰደ ዲኤንኤ ሲመረመር፣ በእናት በኩል የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በቤት አህዮች ዘንድ ሁለት ሐረግ እንዳለው ታይቷል፤ አንደኛው ከኑቢያው የዱር አህያ ጋር ሲገጥም፣ ከሶማሌው ጋር የሚገጥም ግን አልተገኘም። በዳናክል የቀረው ደግሞ የሶማሌው ነው፤ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረው፣ የአብዛኞቹ የቤት አህዮች ትከሻ ላይ የሚታየው የመስቀል ቅርጽ የሌለው። የቤት አህያ ወደ ቅድመ አያቱ ይመለሳል የሚለውን የተሳሳተ ሐሳብ ለክርክር ያህል ብንቀበለው እንኳ፣ የሚመለስበት ቅድመ አያት በአፋር በረሃ ያለው እንስሳ አይደለም።

ልምዱም አለ። ስፔናውያን ወደ አሜሪካ ያመጧቸው አህዮች ዘሮች በምዕራባዊው በረሃ ለብዙ ትውልድ በነጻነት ኖረዋል፤ ከ1971 ጀምሮም በሕግ ይጠበቃሉ። እስከ ዛሬ የቤት አህያ መልክ ነው ያላቸው። ለጸሐፊው የምተውላቸው ጠቃሚ ነጥብ ቢኖር በ2021 የታተመው ጥናት ነው፤ እነዚህ አህዮችና የዱር ፈረሶች በደረቁ ወንዞች ውስጥ እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ እንደሚያወጡና ከዚያ ውኃ ብዙ ሌሎች እንስሳት እንደሚጠጡ አሳይቷል። ወደ ዱር የገባ የቤት እንስሳ በአካባቢው ጠቃሚ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ግን የጠፋውን ዝርያ ይተካል ማለት አይደለም።

ምክሩ አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የሶማሌው የዱር አህያ ገና አልጠፋም፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከጥቂት መቶ የማይበልጡ ቀርተዋል። የቤት አህያና የዱር አህያ ተዳቅለው የሚወልዱት ውርንጭላ ራሱ ሊወልድ የሚችል ስለሆነ፣ ወደ ዳናክል የሚለቀቁት አህዮች መጀመሪያ የሚያደርጉት ከእነዚህ ጥቂቶች ጋር በአንድ ውኃ መጠጣትና መዳቀል ይሆናል። ተመሳሳይ ነገር በባሌ ተራሮች አይተናል። በዌብ ሸለቆ ከሴት ቀይ ቀበሮዎችና ከወንድ የቤት ውሾች የተወለዱ፣ አፍንጫቸው ያጠረ፣ ሰውነታቸው የደነደነ፣ የጸጉራቸው ቀለም የተለየ ዲቃሎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዘረመል ምርመራ ጭምር ተረጋግጠዋል፤ ከውሾቹ የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ብዙ ቁጥር ያለው የቅርብ ዘመድ አጠገቡ ስላለው አልተጠቀመም። ጸሐፊው ለዱር አህያው ጥበቃ የሚወጣው ገንዘብ በሌላ መንገድ ቢውል ይሻላል የሚሉበት ምክንያት ካላቸው፣ ለምሳሌ የአፋር አርብቶ አደሮች የውኃ ችግር ይቅደም ቢሉ፣ ያ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ ልንወያይበት እንችላለን፤ በዘረመል ሳይንስ ስም ግን ሊቀርብ አይችልም።